«ዕድሜያቸው ነው» አይበቃም፦ ስለ እርጅናና ስለ አንጎል ብግነት ለተሰራጨው ጽሑፍ ምላሽ

ስለ እርጅናና ስለ አንጎል ብግነት (ኢንፍላሜሽን፣ የሰውነት መከላከያ ሲነሣ የሚመጣ መቆጣት) የሚያትት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰሞኑን በቴሌግራም ቡድኖችና በፌስቡክ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔም ከዘመድም ከሥራ ባልደረባም ደርሶኛል። የጸሐፊው ብዕር ያማረ ነው፤ ለወላጆቻችን ተቆርቁረው እንደጻፉም ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ያስታውቃል። በአማርኛ ብዙም የማይነካ ጉዳይ በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ። ነገር ግን ካነሷቸው ነጥቦች አብዛኞቹ ስሕተት ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ ሰው ይጎዳሉ። ጽሑፉን ካነበቡት መካከል ብዙዎቹ ቤታቸው ውስጥ በዕድሜ የገፉ እናት ወይም አባት አሏቸው። መልስ መስጠት ያስፈለገኝ ለእነሱ ስል ነው።

መጀመሪያ የጽሑፉን አሳብ ሳላዛባ ላስቀምጥ። ሰው ሲያረጅ የሰውነቱ የበሽታ መከላከያ እንደሚደክም ሁሉ የአንጎሉም ይደክማል፣ ከ60 ዓመት በኋላ አንጎል ያለ ጠባቂ ይቀራል ይላል። አንጎል ከቀሪው አካል በማገጃ የተለየ ስለሆነ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አይደርስበትም፤ ስለዚህ አዛውንት በድንገት ቢቃዡ ወይም ሰው መለየት ቢያቅታቸው «ዕድሜያቸው ነው» ብሎ ቤት ማስታመም ይሻላል ሲል ይመክራል። ከመርሳት በሽታዎች ዋነኛው የሆነው የአልዛይመር ሥሩ ብግነት ነውና ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ በየቀኑ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ቢወስድ በሽታውን ይከላከላል ይላል። እርድና ጥቁር አዝሙድ የአንጎልን ብግነት ያጠፋሉ፤ ክትባት ግን ያረጀን አንጎል ስለሚያስቆጣ አዛውንቶች ይራቁት ሲልም ያክላል። መደምደሚያው፣ አንዴ ያረጀ የአንጎል መከላከያ ወደ ነበረበት አይመለስም የሚል ነው።

ልብ ያለ አንባቢ ገና ከዚሁ አንድ መጋጨት ያያል። የአንጎል መከላከያ ደክሞ ተኝቶ ከሆነ በየቀኑ በኪኒን የምናበርደው ብግነት ከየት መጣ? ብግነት እኮ የመከላከያው ሥርዓት ራሱ የሚሠራው ሥራ ነው። የመጀመሪያው ነጥብ እውነት ከሆነ ሦስተኛው አያስፈልግም፤ ሦስተኛው እውነት ከሆነ የመጀመሪያው ይፈርሳል። መጋጨቱ የመጣው ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ስላየ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያው ነጥብ ትክክል የሆነው የቱ ነው? ከደረት አጥንት ኋላ ያለው ቲመስ የሚባለው ዕጢ፣ ቲ ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች የሚበስሉበት፣ ከጉርምስና ጀምሮ እየሟሸሸ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት ሰው ሲያረጅ ከዚህ በፊት ያላጋጠመውን ጀርም የሚለዩ አዳዲስ ቲ ሴሎች ያንሱታል። ክትባትም ወጣት ላይ የሚሰጠውን ያህል ምላሽ አይሰጥም። ይህን ያህሉን ጸሐፊው በትክክል ጽፈዋል።

የመከላከያው ሥርዓት ግን ሌላ ክንፍ አለው። አብሮን የሚወለደውና ለመጣው አደጋ ሁሉ ፈጥኖ የሚነሣው ክንፍ ነው። ይህኛው በእርጅና ጊዜ አይተኛም፤ እንዲያውም ቀስ እያለ መቆጣት ይጀምራል። ጣሊያናዊው ክላውዲዮ ፍራንቼስኪና ባልደረቦቹ በ2000 «ኢንፍላሜጂንግ» የሚል ስም የሰጡት ይህን ነው፤ ኢንፌክሽን በሌለበት እንኳ በአዛውንቶች ደም ውስጥ ኢንተርሊውኪን-6ን የመሳሰሉ የብግነት መልእክተኞች በትንሹ ከፍ ብለው ይገኛሉ።

አንጎል ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠሩት ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሴሎች ናቸው። ስፔናዊው ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ በ1919 ለይቶ ገለጻቸው። ከአንጎል ሴሎች ወደ 10 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። በ2010 በአይጥ ላይ የተሠራ ጥናት ከደም ሴሎች የተለየ አመጣጥ እንዳላቸው አሳየ፤ ፅንሱ ገና እንቁላል አስኳል ከሚመስለው ከረጢት ጋር ሳለ ተፈጥረው ወደ አንጎል ይሰደዳሉ። ለረጅም ጊዜ ጤነኛ አንጎል ውስጥ ያሉት «ያርፋሉ» ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ2005 ተመራማሪዎች በሕይወት ያለ አይጥ አንጎል ውስጥ በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲመለከቷቸው ግን ቅርንጫፎቻቸውን ያለማቋረጥ እየዘረጉና እየሰበሰቡ አካባቢያቸውን ሲዳስሱ አገኟቸው። የሞተ ሴል ይጠርጋሉ፣ የፈሰሰ ፕሮቲን ይለቅማሉ፣ ጉዳት ሲያዩ ደወል ይደውላሉ።

እነዚህ ሴሎች ሲያረጁ ምን ይሆናሉ? በውስጣቸው ያልተፈጨ ቆሻሻና የስብ ጠብታ ይጠራቀማል፤ የመጥረግ አቅማቸው ይቀንሳል። በዚህ በኩል «ደክመዋል» ቢባል ያስኬዳል፣ ለጸሐፊውም ይህችን እተውላቸዋለሁ። ማስጠንቀቂያ በመስጠት በኩል ግን የተገላቢጦሽ ነው። አንዴ ሌባ የገባበት ግቢ ዘበኛ ድመት አጥር ላይ ስትዘል ፊሽካውን እንደሚነፋና ሰፈሩ ከነቃ በኋላም መንፋቱን እንደማይተው፣ ያረጀ ማይክሮግሊያም በትንሽ ምክንያት በኃይል ይነሣል፣ ለመብረድም ይዘገያል።

ይህ ግምት አይደለም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2005 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ለወጣትና ላረጁ አይጦች የባክቴሪያ ቅጥር ቁራጭ የሆነውን ኤልፒኤስ ሆዳቸው ውስጥ ወጓቸው። ሕይወት ያለው ባክቴሪያ አልነበረም፤ አንጎላቸውንም የነካው የለም። ሁለቱም ታመሙ፦ መብላት ተዉ፣ ጥግ ይዘው ተኮራመቱ። ባረጁት አንጎል ውስጥ ግን የብግነት መልእክተኞች ከወጣቶቹ ይልቅ ከፍ ብለው ተገኙ፣ ሕመሙም ረዘመባቸው። በ2006 ደግሞ ኮሎራዶ ውስጥ ያረጁ አይጦች ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ እንዲያዙ ተደረገ። ከኢንፌክሽኑ ዳኑ፤ ነገር ግን ወጣቶቹ ላይ ያልታየ የማስታወስ ጉድለት ታየባቸው። የተጎዳው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል የሚሠራው፣ አዲስ ነገርን የመያዝ ችሎታ ነበር።

አይጥ ሰው አይደለም የሚል ሰው ይኖራል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደ ሁለተኛው ነጥብ የሚወስደንም እሱ ነው፤ ምክንያቱም በሰው ላይ ያለው ማስረጃ በየሆስፒታሉ አልጋ ላይ ተኝቷል። ከሁሉም በላይ ላሳስብበት የምፈልገውም ይህ ነው።

ጸሐፊው በደምና በአንጎል መካከል ማገጃ አለ ሲሉ አልተሳሳቱም። የአንጎል የደም ሥሮች ግድግዳ ጥብቅ ነው፤ አብዛኛው ባክቴሪያና አብዛኛው መድኃኒት አያልፈውም። ስሕተቱ፣ ጀርሙ ካላለፈ ወሬውም አያልፍም ማለታቸው ላይ ነው። ወሬው በብዙ በር ይገባል። ከሆድና ከደረት ወደ አንጎል ግንድ የሚወጣው ቬገስ ነርቭ ስለ ብግነት በቀጥታ ይናገራል። በአንጎል ውስጥ ማገጃው የሳሳባቸው፣ ደሙን የሚቀምሱ ትንንሽ ቦታዎች አሉ። የደም ሥሮቹ ግድግዳ ራሱ በደም የመጣውን መልእክት ተቀብሎ ወደ ውስጥ የራሱን ይልካል። በ2015 ደግሞ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በአንጎል ሽፋን ውስጥ የሊምፍ ቧንቧዎች መኖራቸውን አሳዩ፤ አንጎል ከመከላከያው ሥርዓት ተነጥሎ ይኖራል የሚለው የቆየ አሳብ ከዚያ ወዲህ የሚቆምበት እግር የለውም።

ይህን እያንዳንዳችን በገላችን እናውቀዋለን። ጉንፋን ሲይዘን ቫይረሱ ያለው ጉሮሯችንና አፍንጫችን ውስጥ ነው። ታዲያ ምግብ ያስጠላን፣ ሰው ማየት ያስጠላን፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያለን፣ ያነበብነው አልገባ ያለን ለምንድን ነው? አንጎል ስለሰማ ነው። ወጣት ሰው ላይ ይህ ለመዳን ይረዳል፤ ሰውነት ኃይሉን ለፍልሚያ ይቆጥባል፣ በሁለት በሦስት ቀንም ያልፋል። በአዛውንት አንጎል፣ ማይክሮግሊያው አስቀድሞ በተቆጣበት፣ ያው መልእክት ከመጠን አልፎ ይጮኻል። ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት ድንገተኛ የአእምሮ መዛባት ከሚመጣባቸው መንገዶች ዋነኛው ይኸው ነው።

ዴሊሪየም ከመርሳት በሽታ ይለያል። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። ዴሊሪየም በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይመጣል፣ በአንድ ቀን ውስጥም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ጠዋት ደህና ያወሩ እናት ማታ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩታል፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ሰው ያያሉ። ዋናው ምልክቱ ልብ ብሎ መከታተል አለመቻል ነው። የሳምንቱን ቀናት ከእሑድ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ቢጠየቁ መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። ብዙ ጊዜ የሚታለፈው ደግሞ ጸጥተኛው ዓይነት ነው፦ አይጮኹም፣ አይቃዡም፣ ዝም ብለው ይተኛሉ፣ ምግብ አይነኩም፣ ሲጠሩ ዘግይተው ይመልሳሉ። ቤተሰብ «ደክሟቸው ነው» ይላል።

በሆስፒታል የውስጥ ደዌ ክፍል ስሠራ እንዲህ ያሉ ሰዎች ሲመጡ አይቻለሁ። አንዲት ከገጠር የመጡ እናት ሳምንት ሙሉ ቤት ተኝተው ቆይተዋል። ልጆቻቸው ሰነፎች አልነበሩም፤ ሌሊት ሌሊት እየተፈራረቁ ይጠብቋቸው ነበር። «ጃጅተዋል» ብለው ስላመኑ ግን የሳንባ ምች ይኖርባቸዋል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ትኩሳት የላቸውም፣ ሳላቸውም ትንሽ ነው። ሳንባቸው ሲታይ ግማሽ ጎኑ ተይዟል። መድኃኒት ጀምረው ከቀናት በኋላ ልጆቻቸውን አንድ በአንድ በስማቸው መጥራት ጀመሩ። የተሰራጨው ጽሑፍ ምክር እንዲህ ያለውን ቤተሰብ ሌላ ሳምንት ቤት ያስቀምጠዋል።

የትኩሳቱ ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባል። አዛውንቶች በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜም ትኩሳታቸው ላይወጣ ወይም በትንሹ ብቻ ሊወጣ ይችላል። በጤናቸው ጊዜም ሙቀታቸው ከወጣት ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩ 38 አለማሳየቱ ነጻ አያወጣቸውም። ደረታቸውን አያማቸውም፣ አይቃጠሉም፤ መጀመሪያ የሚጮኸው አንጎላቸው ነው። በአዛውንት ላይ በድንገት የመጣ መቃዠት የሳንባ፣ የሽንት፣ የቆዳ፣ የሐሞት ከረጢት ኢንፌክሽን የመጀመሪያውና አንዳንዴም ብቸኛው ምልክት ሊሆን ይችላል። ከቆላ የተመለሱ ከሆነ ወባም ይታሰባል።

ሁሉም ነገር ግን ኢንፌክሽን ነው አልልም፤ ያ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይሆናል። የሰውነት ውኃ ማነስ፣ የሽንት መታገድ፣ የቀናት የሆድ ድርቀት፣ በደም ውስጥ የሶዲየም መውረድ፣ የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን እየወሰዱ በመጾም የሚመጣ የስኳር መውረድ፣ የእንቅልፍ ኪኒን፣ የአለርጂ መድኃኒት፣ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕታይሊን፣ እነዚህ ሁሉ ያንኑ መልክ ያመጣሉ። ሽንት ላይ ባክቴሪያ መታየቱም ብቻውን መልስ አይደለም። ብዙ ጤነኛ አዛውንቶች፣ በተለይ ሴቶች፣ ምንም ሳያማቸው ሽንታቸው ውስጥ ባክቴሪያ ይገኛል። ስለዚህ ሰው ስለቃዠ ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠት አያዋጣም፤ ምክንያቱን የሚፈልግ ሐኪም ያስፈልጋል፣ ያም በዚያው ቀን። ጸበል የሚወስድ ቤተሰብ ጸበሉን ይውሰድ፤ እኔ የምለው የሐኪሙ ምርመራ ለነገ አይደር ነው።

«ለምን ትቸኩላላችሁ፣ ያልፋል» ለሚሉም መልስ አለ። በእንግሊዝ አገር ሳውዝሃምፕተን አልዛይመር ያለባቸውን ሰዎች ለስድስት ወር የተከታተለና በ2009 የታተመ ጥናት፣ በመሐሉ ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ድንገተኛ ብግነት ያጋጠማቸው ሰዎች የማስታወስ ችሎታቸው ካላጋጠማቸው ሰዎች በእጥፍ ፍጥነት እንደወረደ አሳይቷል። አንጎል ከአንገት በታች ካለው ተለይቶ ይኖራል የሚል ሰው ይህን ሊያስረዳን አይችልም።

መከላከል እንደሚቻልም ታይቷል። በአሜሪካ የየል ሆስፒታል ዕድሜያቸው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ 852 ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ1999 የታተመው ሙከራ አዲስ መድኃኒት አልተጠቀመም። ቀኑንና ቦታውን ማስታወስ፣ ቶሎ ቶሎ ከአልጋ አስነሥቶ ማራመድ፣ መነጽራቸውንና የጆሮ መስሚያቸውን መስጠት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሌሊት በኪኒን ሳይሆን በጸጥታ ማስተኛት፤ ይኸው ነው። ዴሊሪየም የያዛቸው ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ የሚታየኝ የእኛ አስታማሚ ነው። በአገራችን ሆስፒታል ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ቤተሰብ አይጠፋም፤ ሌላው ዓለም ሠራተኛና በጎ ፈቃደኛ አሰልጥኖ የሚያሠራውን እኛ በልማድ ይዘነዋል። የሚጎድለው አስታማሚው ምን እንደሚጠብቅ የሚነግረው ሰው ነው። በውጭ አገር ያሉ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው፤ እንግሊዝኛ የማይናገሩ እናት ዝም ብለው ቢተኙ ነርሷ ቋንቋው ነው ብላ ልታልፈው ትችላለች። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ መብት ነው፤ «እናቴ ትናንት እንዲህ አልነበረችም» የሚለው የልጅ ቃልም ለሐኪም ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ሁለተኛው ጉዳት አምጪ ምክር የየቀኑ ኪኒን ነው። እዚህም ጸሐፊው ከባዶ አልተነሡም። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም የተሠራና በ2001 የታተመ ትልቅ ጥናት፣ የአይቡፕሮፌንን ዓይነት መድኃኒቶች ለሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱ ሰዎች ዘንድ አልዛይመር በጣም አንሶ እንደታየ ዘግቦ ነበር። ብዙ ሐኪሞችም ተስፋ አድርገው ነበር። ነገር ግን ያ ጥናት ሰዎች በራሳቸው ምክንያት የወሰዱትን መዝግቦ ያየ እንጂ በዕጣ ከፍሎ የሞከረ አልነበረም። መድኃኒት ለዓመታት ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው በብዙ ነገር ከማይወስደው ይለያል፤ መርሳት የጀመረ ሰው ደግሞ ኪኒኑንም ይረሳል።

ስለዚህ በዕጣ የተከፋፈሉ ሙከራዎች ተደረጉ። በአሜሪካ በቤተሰባቸው አልዛይመር ያለባቸውን፣ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎችን ይዞ የአይቡፕሮፌን ዓይነት የሆኑትን ናፕሮክሰንንና ሴሌኮክሲብን የሞከረው አዳፕት የተባለው ሙከራ በልብ ላይ በተነሣ ሥጋት በታኅሣሥ 2004 መድኃኒቱን አቆመ፤ በክትትሉም መድኃኒቶቹ በሽታውን አልተከላከሉም። አስፕሪን በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 አዛውንቶች ላይ በቀን 100 ሚሊግራም ተሞከረ፤ ውጤቱ ከ2018 ጀምሮ ወጣ። የመርሳት በሽታን አልቀነሰም፣ ከባድ የደም መፍሰስን ግን ጨመረ። ማይክሮግሊያን ያበርዳል ተብሎ የታሰበው ሚኖሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ በእንግሊዝ አገር ቀለል ያለ አልዛይመር ባለባቸው 544 ሰዎች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞክሮ በ2020 ውጤቱ ወጣ፤ በሽታውን አላዘገየም።

ለምን አልሠራም? አንዱ ምክንያት ከአልዛይመር ጋር ያለው ግንኙነት በ2013 ከታወቀ ጂን ይገባናል። ትሬም2 የሚባለው ጂን ማይክሮግሊያ ቆሻሻ ለይተው እንዲከቡና እንዲጠርጉ ይረዳል። ይህ ጂን በከፊል የተበላሸባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይጨምራል። እነዚህ ሰዎች መከላከያቸው የበዛ አይደለም፤ በትክክል የማይሠራ ነው። ብግነትን በጅምላ መጫን ጩኸቱን ብቻ ሳይሆን ጠረጋውንም ሊያስቆም ይችላል። ችግሩ መከላከያው መኖሩ አይደለም፤ በሰዓቱ አለመብረዱ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ በአገራችን የባሰ ነው። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያለ ማዘዣ ይገዛሉ፤ ጨጓራ ያለበት ሰው ብዙ ነው። ለደም ግፊት ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስዱ አዛውንቶች በየሰፈሩ አሉ። በእነዚህ ላይ የየቀኑ አይቡፕሮፌን ሲጨመር ኩላሊት ሊደክም፣ ግፊቱም ሊወጣ ይችላል። ጨጓራቸው ሲደማ ሕመም ላይሰማቸው ይችላል፤ ሰገራ ሲጠቁር ነው የሚታወቀው። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር፦ ከድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ) ወይም ከስትሮክ በኋላ ሐኪም አስፕሪን ያዘዘላቸው ሰዎች ይህን አንብበው እንዳያቆሙ። የእነሱ ምክንያት ሌላ ነው፣ የተረጋገጠም ነው።

ስለ እርድና ስለ ጥቁር አዝሙድ ረጅም መልስ አያስፈልግም። በወጥ ውስጥ ይብሏቸው፤ ይጣፍጣሉ። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚን በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባሉ ሴሎች ብግነት ይቀንሳል፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ግን እጅግ ጥቂት ነው። በአሜሪካ አልዛይመር ባለባቸው 36 ሰዎች ላይ ለ24 ሳምንት ተሞክሮ በ2012 የታተመው ውጤት ጥቅም አላሳየም። ትንሽ ሙከራ ነው፤ ከዚህ በላይ አላስፋፋውም። ጉዳቱ የሚጀምረው የግፊት ኪኒን ተትቶ በምትኩ ሲወሰዱ ነው።

ክትባትን በተመለከተ የጸሐፊው አመክንዮ መጀመሪያው ያስኬዳል፦ ያረጀ አንጎል ለብግነት ስስ ነው፤ ክትባት መጠነኛ ብግነት ያመጣል። ከዚህ ግን «ስለዚህ ይራቁ» አይከተልም። ምርጫው በክትባትና በምንም መካከል አይደለም፤ በክትባቱ የአንድ ሁለት ቀን ድካምና በራሱ በበሽታው መካከል ነው። ኢንፍሉዌንዛ ወይም የሳንባ ምች የሚያስነሣው ብግነት ክትባት ከሚያስነሣው ጋር አይወዳደርም።

ለዚህም ከዌልስ የመጣ ጠንካራ ማስረጃ አለ። በ2013 የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ሲጀመር የልደት ቀን ድንበር ሆነ፦ ከሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 በፊት የተወለዱ ሰዎች 80 ዓመት ስላለፋቸው አልተፈቀደላቸውም፤ በዚያ ቀንና ከዚያ በኋላ የተወለዱ ተፈቀደላቸው። በጥቂት ሳምንታት ልዩነት የተወለዱ ሰዎች በሌላ ነገር አይለያዩም፤ በዕጣ የተከፈሉ ያህል ናቸው። ለሰባት ዓመት ሲታዩ ክትባቱን የወሰዱት የመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ጥናቱ በ2025 ታተመ። ክትባት ያረጀን አንጎል የሚያቃጥል ቢሆን ኖሮ ውጤቱ የዚህ ተቃራኒ መሆን ነበረበት።

የመጨረሻው ነጥብ፣ አይመለስም የሚለው፣ ተስፋ ስለሚያስቆርጥ ዝም ብዬ አላልፈውም። የነርቭ ሴሎች አንዴ ከሞቱ በአብዛኛው አይተኩም፤ ይህን እቀበላለሁ። ማይክሮግሊያ ግን ይታደሳሉ። በ2017 በሰው አንጎል ላይ የታተመ ጥናት በየዓመቱ ወደ 28 በመቶ የሚሆኑት እንደሚተኩ፣ አማካይ ዕድሜያቸውም 4.2 ዓመት እንደሆነ ገምቷል። የ80 ዓመት ሰው አንጎል ጠባቂዎች የ80 ዓመት ሽማግሌዎች አይደሉም። በ2021 ስታንፎርድ ውስጥ ያረጁ አይጦች ላይ አንድ የብግነት መልእክት መቀበያ ሲዘጋ የመከላከያ ሴሎቻቸው ጉልበት እንደ ወጣት ተመለሰ፣ የማስታወስ ፈተናውንም እንደ ወጣት አለፉ። ይህ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት አልሆነም፤ «አይመለስም» የሚለውን ቃል ግን ያፈርሳል። በሰው ላይ ደግሞ በፊንላንድ ከ60 እስከ 77 ዓመት ባሉ 1,260 ሰዎች ላይ የተሠራው ፊንገር የተባለው ሙከራ፣ እንቅስቃሴ፣ አመጋገብ፣ የአእምሮ ልምምድና የደም ግፊት ቁጥጥር ተደምረው በሁለት ዓመት ውስጥ የአእምሮ ፈተና ውጤትን እንዳሻሻሉ በ2015 አሳይቷል። ዴሊሪየም ራሱም ምክንያቱ ከታከመ ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል እንጂ።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን እንዲያርሙ ነው፦ አዛውንት በድንገት ሲቃዡ ቤት አስታምሙ የሚለውንና በየቀኑ አይቡፕሮፌን ይወሰድ የሚለውን። ሌላው ላይ ልንከራከር እንችላለን። እነዚህን ሁለቱን ግን ያነበበ ሰው ዛሬ ማታ በእናቱ ላይ ሊፈጽማቸው ይችላል፤ ጽሑፋቸውን ላካፈሉ ቡድኖችም እርማቱን ቢልኩላቸው መልካም ነው።